ሥራው ቀኑን ጠብቋል፤ የጠፋው ሌላ ቀን ነው

«ውድ አዘጋጅ፣ እንደምን ሰነበቱ። 26 ዓመቴ ነው። በሲቪል ምህንድስና ተመርቄ ከወጣሁ 3 ዓመት ሊሞላኝ ነው። ደብረ ብርሃን ውስጥ በአንድ አነስተኛ ተቋራጭ ድርጅት የሳይት መሐንዲስ ነኝ። እስካሁን ለሁለት ሥራ ስኬጁል (የጊዜ ሰሌዳ) አውጥቻለሁ፤ ሁለቱም ጊዜ ቀኑ አልፎብኛል። ባለፈው የመጋዘን ሥራ የብሎኬት ግንቡን 12 ቀን ብዬ 23 ቀን ፈጀ። ሥራ አስኪያጃችን በስብሰባ ላይ ‹አንቺ የምትይውን ቀን በሁለት አባዝቼ ነው የምሰማው› አሉኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። አሁን ደግሞ 4 መማሪያ ክፍል ያለው፣ ፎቅ የሌለው ብሎክ ልንሠራ ነው። ሳይቱን ጥር 1 እንረከባለን። አሠሪው እስከ ሰኔ 30 ድረስ ይፈልጋል። ሥራ አስኪያጁ ግን ‹በ5 ወር ብለሽ ጻፊ፣ ቶሎ አስረክበን ወደ ሌላ እንሄዳለን› ይሉኛል። የሥራዎቹን ዝርዝርና የግንቡን የዕለት መዝገብ አያይዣለሁ። ቀን እንዴት ነው የሚገመተው? ዝም ብዬ በሁለት ላባዛው? ለፎርማናችንስ የትኛውን ቀን ልንገራቸው? ጋሼ ከ30 ዓመት በላይ የሠሩ ሰው ናቸው። ቀን ስጠይቃቸው ‹ችግር የለም፣ ይደርሳል› ይሉኛል። እንቅልፍ አጥቻለሁ።

ሳይት መሐንዲሷ፣ ከደብረ ብርሃን»

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የዕለት መዝገብሽን ደግሞ አራት ጊዜ። መጀመሪያ ስለ መዝገቡ ላመስግንሽ። በየቀኑ ስንት ሰው እንደሠራ፣ ስንት ካሬ እንደተገነባ፣ ለምን እንደቆመ ጽፈሻል። ብዙ መሐንዲስ ይህን አያደርግም። ያንቺ መልስ ግማሹ እዚያ ውስጥ ነው ያለው፤ ምናልባት ሳታዪው አልፈሽው ይሆናል።

እስቲ አብረን እንቁጠረው። ግንቡ 240 ካሬ ነበር። ሁለት ግንበኞች ነበሩሽ። አንድ ግንበኛ ከነረዳቱ በቀን 10 ካሬ ይሠራል ብለሽ 12 ቀን አልሽ። አሁን መዝገቡን እይው። ግንበኞቹ በትክክል ግንብ ላይ የዋሉት ስንት ቀን ነው? 13 ቀን። ከ23ቱ 3ቱ እሑድ ናቸው። 5ቱን ቀን ብሎኬት አልነበረም። 2ቱን ቀን ደግሞ አንዱ ግንበኛ ዘመድ ሞቶበት፣ ሌሎቹም የአንድ አገር ልጆች ስለሆኑ አብረው ለቅሶ ሄዱ። 13፣ 3፣ 5፣ 2፤ ድምሩ 23።

አየሽው? የሥራውን ቀን 12 ብለሽ 13 ሆነ። እኔ በዚህ ሙያ ስንት ዓመት ቆይቼ እንኳ እንዲህ የተጠጋ ግምት ሁልጊዜ አይሳካልኝም። ስብሰባው ላይ የተሳቀብሽ ያለ አግባብ ነው። ግንበኛው ምን ያህል እንደሚሠራ ታውቂያለሽ። የጎደለሽ ሥራው የሚቆምበትን ቀን መቁጠር ነው። ስኬጁል ላይ ሥራ ይጻፋል እንጂ ጥበቃ አይጻፍም። ብሎኬት መጠበቅ፣ ተቆጣጣሪ መጠበቅ፣ አርማታው እስኪጠና መጠበቅ፣ በዓል እስኪያልፍ መጠበቅ። እነዚህ የራሳቸው መስመር ስለማይሰጣቸው ሲመጡ ሁሉም «ያልታሰበ ችግር» ይባላሉ። ለቅሶውን ማንም አስቀድሞ አያውቀውም፤ በአንድ ወር ውስጥ አንድ ሁለት ቀን እንዲህ እንደሚሄድ ግን ማንም ሳይት ላይ የዋለ ሰው ያውቃል።

ብሎኬቱን ለብቻው ላንሳው፣ ምክንያቱም 5 ቀን ትልቅ ነው። መዝገብሽ ላይ ትዕዛዙ የተሰጠው ግንቡ በሚጀመርበት ሳምንት እንደሆነ ጽፈሻል። አምራቹ የነበረውን ለሌላ ሸጦ ነበር። አዲስ የተመታ ብሎኬት ደግሞ ውሃ ጠጥቶ እስኪጠና ድረስ አይጫንም። ስለዚህ ብሎኬት ማዘዝ ራሱን የቻለ ሥራ ነው፣ የራሱ ቀን አለው። አሁን በላክሽልኝ ዝርዝር ውስጥ ከ«ግንብ» በፊት «የብሎኬት ትዕዛዝና ቀብድ» የሚል መስመር አላየሁም። ጨምሪው። ለበርና መስኮቱም እንደዚያው፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

እኔም በዚሁ ወድቄበታለሁ። ወጣት ሳለሁ ጎጃም ውስጥ አንድ ጤና ጣቢያ እንሠራ ነበር። ሰኔ ላይ የአገር ሽማግሌዎች ተሰብስበው «መቼ ያልቃል?» ሲሉኝ ያለምንም ማወላወል ቀን ነገርኳቸው። ግንበኛውን ቆጥሬያለሁ፣ አናጺውን ቆጥሬያለሁ። ሐምሌ ሲገባ ወንዙ ሞላና አሸዋ የሚያመጣው መኪና ከማዶ ቀረ። 9 ቀን ሙሉ ሳይቱ ላይ ተቀምጠን ሰማይ ሰማይ አየን። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ቀስ ብለው መጡና «ልጄ፣ ወንዙ መቼ እንደሚዘጋ ጠይቀኸን ነበር?» አሉኝ። አልጠየቅኩም ነበር። የዚያ አካባቢ ሕፃን እንኳ የሚያውቀውን ነገር እኔ ወረቀቴ ላይ አልጻፍኩትም። እስከ ዛሬ ስኬጁል ይዤ ስቀመጥ ድምፃቸው ይሰማኛል።

አሁን ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። ቀን እንዴት ይገመታል?

ጋሼን «በስንት ቀን ያልቃል?» ብለሽ አትጠይቂያቸው። ይህ ጥያቄ ቃል እንዲገቡ ነው የሚያደርጋቸው። ሰው ደግሞ ቃል ሲገባ መልካሙን ነው የሚያስበው፤ አንቺን ማስከፋትም አይፈልጉም። ስለዚህ «ይደርሳል» ይሉሻል። ጥያቄውን ወደ ኋላ መልሺው። «ጋሼ፣ ባለፈው የቀበሌውን አዳራሽ ጣራ ሲያለብሱ ስንት ቀን ፈጀብዎ? ስንት ሰው ነበር? ምን አስቆመዎ?» በያቸው። ያኔ ሌላ ሰው ነው የሚያናግርሽ። «አይ እሱማ መከራ ነበር፣ ነፋሱ ቆርቆሮውን እየነጠቀ አላሠራ ብሎን…» ብለው ይጀምራሉ። ያንን ነው የምትፈልጊው። 30 ዓመት የሠራ ሰው ሀብቱ ትዝታው ነው። ስለ ወደፊቱ ግን እሳቸውም እንደኛው ሰው ናቸው።

ይህ የጋሼ ወይም የሐበሻ ጠባይ እንዳይመስልሽ። በአውሮፓውያኑ 1994 ዓ.ም. የወጣ አንድ የካናዳ ጥናት አለ። የመመረቂያ ጽሑፋቸውን የሚሠሩ 37 ተማሪዎችን መቼ ትጨርሳላችሁ ብለው ጠየቋቸው። በአማካይ 34 ቀን ገደማ አሉ። ሁሉ ነገር ቢበላሽባችሁስ ሲሏቸው 49 ቀን ገደማ አሉ። የፈጀባቸው ግን ከ55 ቀን በላይ ነው። የመጨረሻውን ክፉ ነገር አስበው የሰጡት ቀን እንኳ አልበቃም። ትልልቅ ሥራዎችም ከዚህ አያመልጡም። የሲድኒ ኦፔራ ቤት በአውሮፓውያኑ 1963 ያልቃል ተብሎ በ1973 ነው የተከፈተው። የኛው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. መሠረቱ ሲጣል በ5 ዓመት ገደማ ያልቃል ተብሎ ነበር፤ የተመረቀው ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። ምክንያቱ በየሥራው ይለያያል። ሰው ወደፊት ሲያይ ሥራውን እንጂ መሰናክሉን እንደማያይ ግን በሁሉም ቦታ ታገኚዋለሽ።

ለዚህ ነው አንድ ቁጥር ብቻ አትያዢ የምልሽ። ለእያንዳንዱ ከባድ ሥራ 3 ቁጥር ጻፊ። ሁሉ ከሰመረ ስንት ቀን? እንደ ወትሮው ከሄደ ስንት? ነገር ከተበላሸስ? ጣራውን እንውሰድ። ሁሉ ከሰመረ 6 ቀን። እንደ ወትሮው 9። ነፋስና ዝናብ ከመጣ፣ ቆርቆሮውም ከጎደለ 18። የወትሮውን በ4 አባዢ፣ ሁለቱን ጫፎች ጨምሪ፣ ለ6 አካፍዪ። 36 ሲደመር 6 ሲደመር 18፣ 60 ይሆናል፤ ለ6 ሲካፈል 10 ቀን። ይህ ስሌት የመጣው በአውሮፓውያኑ 1958 የአሜሪካ ባሕር ኃይል ፖላሪስ የተባለውን ሚሳይል በሚያሠራበት ጊዜ ነው። ትምህርት ቤት ሳትማሪው አልቀረሽም። ከስሌቱ ይልቅ እኔ የምወደው ግን ሦስተኛውን ጥያቄ ራሱን ነው። «18 ቀን የሚያደርሰው ምንድን ነው?» ስትዪ መልሱ የሥራ ዝርዝር ሆኖ ይመጣል። ቆርቆሮው ይጎድላል ካሉሽ፣ አስቀድመሽ ታስቆጥሪያለሽ። ነፋስ ካሉሽ፣ ጠዋት ጠዋት ብቻ ይለብሳል ብለሽ ታቅጃለሽ።

ሁሉንም ሥራ እንዲህ አታድርጊ። ዝርዝርሽ ላይ ያለው «የሳይት ጽዳት» 3 ቁጥር አያስፈልገውም። ሌላውን ሁሉ የሚያስቆሙትን ብቻ ምረጪ። በዚህ ሥራ ላይ እነሱ እነማን እንደሆኑ ታውቂያለሽ፤ ቁፋሮ፣ የድንጋይ መሠረት፣ ግሬድ ቢም (ከመሠረቱ በላይ የሚሞላው የአርማታ ማሰሪያ)፣ ኮለን (ቋሚ ምሰሶ)፣ ግንብ፣ ቶፕ ታይ ቢም (ከግንቡ አናት ላይ የሚሞላው ማሰሪያ)፣ ጣራ፣ ልስን፣ ወለል፣ ቀለም። አንዱ ሳያልቅ ቀጣዩ አይጀመርም። ከእነዚህ አንዱ አንድ ቀን ከዘገየ ርክክቡ አንድ ቀን ይዘገያል። የውጪው መጸዳጃ ቤት ግን ሁለት ሳምንት ቢዘገይ ማንም አይጎዳም። ስለዚህ ጥሩ ግንበኛሽን መጸዳጃ ቤቱ ላይ እንዳታውዪው። ይህን የምለው ስላየሁት ነው። ሳይት ላይ በጣም የሚጮኸው ሥራና በጣም የሚያስፈልገው ሥራ ብዙ ጊዜ የተለያዩ ናቸው።

አሁን ወደ ቀን መቁጠሪያው እንምጣ። የኛ አቆጣጠር እዚህ ላይ ደግ ነው። ከጥር 1 እስከ ሰኔ 30 ልክ 6 ወር፣ ልክ 180 ቀን ነው። ከዚህ ወደ 26 እሑድ አውጪ፤ 154 ቀረ። ጥምቀት፣ የዓድዋ ድል፣ ስቅለት፣ የሠራተኞች ቀን፣ የአርበኞች ቀን፣ በጨረቃ የሚመጡት የሙስሊም በዓላት፤ ወደ 7 ቀን ያዢ። 147 ቀረ። ከዚያ በወረቀት የማይጻፉት አሉ። የሰፈሩ ታቦት የሚነግሥበት ቀን፣ ለቅሶው፣ ሠራተኛው ከፋሲካ በፊት ለስቅለት አገሩ ሄዶ ዳግማ ትንሣኤ ካላለፈ የማይመለስበት ሳምንት። እኔ ለዚህ 10 ቀን አወጣለሁ። 137 ቀረ። በደብዳቤሽ ያለው 180 ቀን እጅሽ ላይ ሲደርስ 137 የሥራ ቀን ነው።

የላክሽውን ዝርዝር ደመርኩት። 122 ቀን ይመጣል። ጥሩ ዜና ነው። በ6 ወር ይደርሳል፤ 15 ቀንም ይተርፋል።

አሁን ሥራ አስኪያጁ ያሉትን 5 ወር ተመልከቺ። 150 ቀን ነው። እሑዶቹን 21 አውጪ፣ 7 በዓል አውጪ፣ በወረቀት የማይጻፈውን 8 ቀን አውጪ። 114 ቀረ። ሥራው 122 ቀን ይፈልጋል። 8 ቀን ጎድሏል፤ ገና አንድ ነገር እንኳ ሳይበላሽ።

ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ይዘሽ የምትገቢው ይህን ነው። «አይቻልም» አትበያቸው። «አይቻልም» የሰነፍ ቃል ይመስላቸዋል፤ ክርክሩም ስለ አንቺ ይሆናል። ወረቀቱን ጠረጴዛቸው ላይ አስቀምጪና «ኢንጂነር፣ 114 ቀን አለን፣ 122 ቀን ያስፈልገናል፤ 8ቷን ቀን ከየት እናምጣ?» በያቸው። ጥያቄው የሁለታችሁ ይሆናል። ምናልባት ሁለተኛ የልሳኝ ቡድን እንቅጠር ይላሉ። ልስን 18 ቀን ይዘሽለታል፤ በሁለት ቡድን እውነትም ሊያጥር ይችላል። ምናልባት ሁለቱን ክፍል በቅድሚያ እናስረክብ ይላሉ። እሱም መንገድ ነው። የመጋዘኑን የግንብ መዝገብም አሳያቸው፤ 13፣ 3፣ 5፣ 2። ያንን ሲያዩ «በሁለት አባዝቼ» ያሉትን ደግመው የሚሉት አይመስለኝም።

ሰው በመጨመር የማይገዛ ቀን እንዳለ ግን ንገሪያቸው። መቶ የቀን ሠራተኛ ብታመጪ አርማታ አይቸኩልም። ቢያንስ 7 ቀን ውሃ ይጠጣል፤ ሙሉ ጥንካሬው የሚለካው በ28 ቀን ነው። የኮለን ጎን ካሳፎርማ (አርማታው የሚሞላበት ሳንቃ) በማግስቱ ሊፈታ ይችላል። ከአየር ላይ ትራቭ (አግዳሚ የአርማታ ተሸካሚ) ስር ያለ ድጋፍ ግን እስከ 3 ሳምንት ይቆማል። ልስኑም ሳይደርቅ ቀለም ከተቀባ ያብጣል፣ ይላጣል። በትንሹ 3 ሳምንት ስጪው። እነዚህን እንደ ባዶ ቀን አትያቸው፣ በእነሱ ስር ሌላ ሥራ አስገቢ። ልስኑ በሚደርቅበት ጊዜ ወለሉና ኮርኒሱ ይሠራል።

ያንቺ ከተማ ደግሞ የራሱ ነገር አለው። ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ነው፤ ጥር ላይ ሌሊቱ ውርጭ ነው። ትኩስ አርማታ ውርጭ ከመታው ይበላሻል፤ ብርዱ ብቻም ቢሆን አጠናኑን ያዘገየዋል። በዝርዝርሽ መሠረት የድንጋይ መሠረቱና ግሬድ ቢሙ ጥርና የካቲት ላይ ይውላሉ። ስለዚህ በእነዚያ ቀናት የአርማታ ሙሌት ከጠዋቱ 4 ሰዓት በፊት አትጀምሩ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላም አትሙሉ። ማታ በጆንያና በላስቲክ ይሸፈን። ይህ ማለት የሙሌት ቀንሽ 8 ሰዓት ሳይሆን 5 ሰዓት ነው። አንድ ቀን ያልሽው ሙሌት ሁለት ቀን ሊሆን ይችላል፤ አሁኑኑ አስተካክዪው። የበልግ ዝናብም አለባችሁ። በልግ ሲዘንብ ከገጠር የሚመጣው የቀን ሠራተኛ ለእርሻው ይሄዳል። ማንም ሊወቅሰው አይገባም። ሰኔ ደግሞ ክረምት ነው። ጣራው ከግንቦት በፊት መልበስ አለበት። እኔ አንቺን ብሆን ስኬጁሉ ላይ በቀይ የማሰምረው ቀን እሱን ነው። ጣራ ከለበሰ በኋላ ዝናብ ጠላትሽ አይደለም።

አንድ ስህተት አግኝቻለሁ። የመብራት ሥራውን ከልስን በኋላ አድርገሽዋል። ሽቦውና አምፖሉ በኋላ ይሁን። ቱቦው ግን ከልስን በፊት ግድግዳ ውስጥ መግባት አለበት። አለዚያ የተለሰነ ግድግዳ ትቦረቡሪያለሽ፣ ልሳኙን ትመልሺያለሽ፣ እሱ ደግሞ ሌላ ሳይት ሄዷል። የመብራቱን መስመር ለሁለት ክፈዪው።

በርና መስኮቱ እንደ ብሎኬቱ ነው። ብረታ ብረት ቤቱ «በ3 ሳምንት» ካለ፣ ከዚህ በፊት ለሌላ ተቋራጭ በስንት ሳምንት እንዳደረሰ ጠይቂ። ልኩን ከንድፉ ላይ ወስደሽ፣ ግንበኛው ክፍተቱን በዚያው ልክ እንዲተው አድርጊና የካቲት ላይ ቀብድ ክፈሉ። ግንቡ አልቆ፣ ክፍተቱ ተለክቶ ይታዘዝ ከተባለ ልስኑ ጠርዝ ጠርዙ ሳያልቅ ይቆማል።

ሌላም አለ፣ ብዙ ሰው ልብ የማይለው። ግሬድ ቢሙን ለመሙላት ሲሚንቶ፣ ፌሮና ጠጠር በዚያን ቀን መኖር አለባቸው። ተቆጣጣሪውም መጥቶ ፌሮውን አይቶ መፈረም አለበት። እያንዳንዳቸው ከ10 ጊዜ 8 ጊዜ በቀናቸው ይደርሳሉ እንበል። 8 ጥሩ ነው። አራቱም በአንድ ቀን የመገኘታቸው ዕድል ግን ከ10 ጊዜ 4 ብቻ ነው፤ 0.8ን አራት ጊዜ አባዢው። ለዚህ ነው «ሁሉም እሺ ብሎኝ ነበር እኮ» እያልን የምናዝነው። ዋሽተውን አይደለም። ብዙ መንገድ አንድ ቦታ ሲገናኝ የመጨረሻው የመጣው ነው ቀኑን የሚወስነው። ስለዚህ ከሙሌት በፊት 2 ቀን ባዶ አስቀምጪ። ሲሚንቶና ፌሮ ከሳምንት በፊት መጋዘን ይግቡ። ተቆጣጣሪውን ከ3 ቀን በፊት በጽሑፍ ጥሪው፤ የጠራሽበትን ቀንም መዝግቢ።

ስለ ማባዛቱ። አይሆንም። እያንዳንዱን ሥራ በሁለት ብታባዢ 244 ቀን ይወጣል፤ ማንም አይቀበልሽም። ቢቀበሉሽም ሥራው የተሰጠውን ቀን ሁሉ ይበላል። 10 ቀን የተሰጠው ግንበኛ በ10 ቀን ይጨርሳል፤ 20 ከሰጠሽው መጀመሪያ ሌላ ቦታ ያለበትን ሥራ ጨርሶ ይመጣል። ሥራ አስኪያጁ ደግሞ እንደምታባዢ ሲያውቁ በግማሽ ይቆርጡታል። አንቺ ስታባዢ እሳቸው ሲያካፍሉ እውነተኛው ቁጥር የት እንደገባ ይጠፋል። የተረፉሽን 15 ቀናት እያንዳንዱ ሥራ ውስጥ አትደብቂያቸው። መጨረሻ ላይ «መጠባበቂያ፣ 15 ቀን» ብለሽ በግልጽ ጻፊ። ከእሱ አንድ ቀን ሲወጣ ለምን እንደወጣ አጠገቡ ጻፊ። መጋቢት መጨረሻ ላይ 9 ከቀረሽ ደህና እንደሆንሽ ታውቂያለሽ። 2 ብቻ ከቀረሽ ሰኔ ሳይደርስ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ትገቢያለሽ። ሰው በመዘግየት ከሚናደደው ይልቅ በመጨረሻ ሰዓት ሲነገረው ነው የሚናደደው።

ስኬጁሉን ኮምፒውተር ላይ ማስዋብ ላይ ብዙ አትቆዪ። ኤምኤስ ፕሮጀክት የሚባለው የስኬጁል ፕሮግራም ጥሩ ነው፤ ለአሠሪው የሚሰጠው በዚያ ይሁን። አንቺ ግን በትልቅ ወረቀት ሳይት ቢሮው ግድግዳ ላይ ለጥፊው። የታቀደው በሰማያዊ፣ የሆነው በቀይ። በየኪንዚናው (በየ15 ቀኑ)፣ ሠራተኛው ሒሳቡን ሊቀበል ሲሰበሰብ፣ ጋሼና ግንበኞቹ ባሉበት ቀዩን አስምሪ። ያኔ «ለምን ዘገየ» የሚለውን እነሱ ራሳቸው ይነግሩሻል። ደግሞም የሚቀጥለውን ሥራ ስትገምቺ አንድ ግንበኛ በቀን 10 ካሬ ይሠራል የሚል የመጽሐፍ ቁጥር አያስፈልግሽም። ያንቺ ሰዎች፣ ያንቺ ከተማ ላይ፣ 9 ካሬ ገደማ እንደሚሠሩ ከመጋዘኑ መዝገብ አሁኑኑ ታውቂያለሽ። 240ን ለ26 አካፍዪው።

ስለ ጋሼ የጠየቅሽኝ ቀረ። የትኛውን ቀን ልንገራቸው ብለሻል። ጠንከር ያለ ቀን ነግሬ ላስሩጣቸው ማለትሽ ከሆነ ተዪው። ያወቁት ቀን ሌላ ቃልሽን አያምኑም፤ እንዲህ ያለ ፎርማን ማጣት 15 ቀን ከማጣት ይብሳል። አንቺ የያዝሽውን ቀን ንገሪያቸው፤ ግንቡ ይህን ያህል የሥራ ቀን፣ መጠባበቂያው 15፣ ይኸው ወረቀቱ። ደግሞ ሳይቱን ሳትረከቢ በፊት አንድ ቀን ቡና ጋብዣቸውና ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች አንብቢላቸው። በየመስመሩ «እዚህ ላይ ምን ያስቆመናል?» በያቸው፣ ዝም ብለሽ ጻፊ። ከኔ ምክር የሚበልጥ ነገር እዚያ ታገኛለሽ ብዬ አምናለሁ። አሸዋው በየትኛው መንገድ እንደሚመጣ፣ መንገዱ ሰኔ ላይ እንዴት እንደሚሆንም ጠይቂያቸው።